ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ? ለጋሼ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ስለ ጠቅላይ ሚኒስትራችን የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ማታ፣ አንዴ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ። ማታ ተናድጄ ነበር። ጠዋት ላይ ግማሹ ገባኝ። ይህን የምጽፈው ያልገባኝን ግማሽ ይዤ ነው።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። "ጠቅላይ ሚኒስትራችን" የምለው የልብ ወለድ አገር ሰው ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ አሥራ ምናምን ሰዎች አለን። አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሁለት የሕግ ተማሪዎችም አሉ። ገሚሶቹ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው ነው የሚመጡት። አንድ ፌዴራላዊ አገር ፈጥረን ሰባት ወንዝ ብለነዋል። አምስት ክልሎች አሉት፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ እና ወደብ። 100 መቀመጫ ያለው የታችኛው ምክር ቤት አለው፤ ከየክልሉ አምስት አምስት ሰው የሚላክበት የላይኛው ምክር ቤት አለው፤ ሥልጣኑ ብዙም ያልሆነ ፕሬዚዳንት አለው፤ የመንግሥቱን ሥራ የሚመራ ጠቅላይ ሚኒስትርም አለው። አንድ ቅዳሜ በእኛ አገር ሦስት ወር ነው። ሕጋችንን ቻርተር እንለዋለን። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

ጋሼ የቆላ ተወካይ ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ የታሪክ አስተማሪዬ ነበሩ። ስለዚህ "ተሳስተዋል" ብሎ መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም። ግን መከራከርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ይቅር ይሉኛል።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። በቅርቡ 54 ድምፅ ተሰብስቦ ጠቅላይ ሚኒስትራችንን አወረደው። በሚቀጥለው ቅዳሜ "ማን ይተካ?" ሲባል እነዚያው 54ቱ ለሦስት ተከፈሉ። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ፤ በአገራችን አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ማለት ነው። በጀት አልጸደቀም። ወደብ የጉምሩክ ገቢውን "ለማን ልላክ?" ብሎ ያዘ። ደጋንና ቆላን የሚያገናኘው ድልድይ ግማሽ ላይ ቆመ። ጋሼ ይህን አይተው መፍትሔ ያሉትን ጻፉ። ባጭሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጥ፣ ወንበሩ በየዓመቱ ከክልል ክልል ይዙር፣ ምክር ቤቱ ካልወደደው በማንኛውም ቀን በተራ አብላጫ ያውርደው፣ ፕሬዚዳንቱ ይቅር፣ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ ማንም አይቀመጥ ነው የሚሉት። መጨረሻ ላይ ደግሞ "በቃላት አንጣላ፣ ዋናው ቅን ልብ ነው" ብለው ዘግተዋል።

አንድ በአንድ ልሂድበት። የውጭዎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ ለቀጥታ ምርጫ ሲከራከሩ እዚሁ ደሴ ያለውን የአይጠየፍን አዳራሽ አንስተዋል። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ማንንም ሳይጠየፍ እንዳስተናገደ ሁሉ ትልቁ ወንበርም ለሕዝብ ቀጥታ ክፍት ይሁን ነው ሐሳባቸው። ደስ ይላል። የደሴ ልጅ ሆኖ በዚህ ልቡ የማይሞቅ የለም። ግን ያን ያህል ሰው የሚያበላ አዳራሽ ከጀርባው ጓዳ ይፈልጋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ ምክር ቤት አብላጫ ማለት ጓዳ የሌለው አዳራሽ ነው። እንግዳው ገብቶ ይቀመጣል፣ ምግቡ ግን አይመጣም።

ይህ የተሞከረ ነገር ነው። እስራኤል በ1992 ሕግ አውጥታ፣ በ1996፣ በ1999 እና በ2001 ጠቅላይ ሚኒስትሯን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ መርጣለች። በ1996 እና በ1999 መራጩ ሁለት ወረቀት ተሰጠው፤ አንዱ ለሰውየው፣ አንዱ ለፓርቲ። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? በአንደኛው ወረቀት ከሁለቱ ትልልቅ እጩዎች አንዱን መረጠ፣ በሌላኛው ደግሞ ለሰፈሩና ለወገኑ ትንሽ ፓርቲ ሰጠ። በ1992 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ከ120 መቀመጫ 44 እና 32 ይዘው ነበር። በ1999 ወደ 26 እና 19 ወረዱ። ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር አብላጫ ለማግኘት የትንንሾቹን በር ሲያንኳኳ መዋል ሆነ ሥራው። በ2001 ሕጉን ሻሩት። በእኛ አገር ደግሞ አምስት ክልል አለ፣ የየራሱ ፓርቲ ያለው። ሁለት ወረቀት ብንሰጠው በረሃ አንዱን ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ ጋሼም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ሌላም አለ። ጋሼ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሰውየው በሕዝብ ይመረጥ ካሉ በኋላ፣ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው 51 ሰው በማንኛውም ቀን ያውርደው ይላሉ። ይህ እንዴት ይሆናል? ሚሊዮኖች ያስቀመጡትን 51 ሰው ማክሰኞ ጠዋት ካነሳው፣ ረቡዕ አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ ማንን ነው የሚጠይቀው? ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብን። ምክር ቤቱ ካወጣው ምክር ቤቱ ያወርደዋል። ሕዝብ ካወጣው ደግሞ ማውረዱ እንዲህ ቀላል ሊሆን አይችልም።

ወንበሩ ይዙር የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚህ ነጥብ ብዙ ሰው ከጋሼ ጋር ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛ ቁስል ይነካል። ቆላ እስካሁን አንድም ጠቅላይ ሚኒስትር አላወጣም። በረሃም አላወጣም። "እኛ ሁልጊዜ አጨብጫቢ ነን?" ብለው ሲጠይቁ መልስ ይገባቸዋል። እኔም ቃለ ጉባኤውን የምይዘው ሰውዬ ያን ቀን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነው የሰማኋቸው።

ግን ምሳሌ አድርገው ያመጡት ስዊዘርላንድን ነው፤ እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። የስዊዝ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ ይቀያየራል፣ እውነት ነው። የሚቀያየረው ግን ስብሰባ የሚመራው ሰው ነው። መንግሥቱ ሰባት ሰው ነው፣ ሰባቱም እኩል ናቸው፣ ፕሬዚዳንት የሆነው በዚያ ዓመት በሌሎቹ ላይ የሚያዝበት ተጨማሪ ሥልጣን የለውም። መዞሩ የማይጎዳው ለዚህ ነው። ጋሼ የሚያዞሩት ግን ጦሩም፣ በጀቱም፣ ሹመቱም በእጁ ያለን ሰው ነው። ይህን ስታዞር ተራው በደረሰ ቁጥር ጠብ ይደርሳል።

ዩጎዝላቪያን ጋሼ ራሳቸው ናቸው ክፍል ውስጥ ያስተማሩን። መሪዋ ቲቶ በ1980 ከሞተ በኋላ ከስድስቱ ሪፐብሊኮችና ከሁለቱ ራስ ገዝ ግዛቶች የተወከሉ ስምንት ሰዎች ሰብሳቢነቱን በየዓመቱ እየተቀባበሉ ኖሩ። አሥር ዓመት ሠራ። ሜይ 1991 ላይ ተራው የክሮኤሺያው ስቲፔ ሜሲች ሆነ። ሰርቢያና ከእሷ ጋር የቆሙት ድምፅ ከለከሉት። ከስምንት አምስት ያስፈልግ ነበር፣ አልተገኘም። የጦሩ የበላይ የነበረው አካል ሰብሳቢ አልባ ሆነ። በጁን 25 ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ ነፃነታቸውን አወጁ። ዩጎዝላቪያን ያፈረሰው ተራ ብቻ ነው አልልም፣ ዕዳውም ኑሮውም ሌላውም አለ። ግን ተራው የተፈለገው ለክፉ ቀን ነበር፤ ክፉው ቀን ሲመጣ አልተገኘም።

ቅርባችን አፍሪካ ውስጥም ኮሞሮስ አለች። በ2001 ሕገ መንግሥቷ ፕሬዚዳንትነቱ በሦስቱ ደሴቶች መካከል እንዲዞር ተደረገ። ለየደሴቱ ክብር ሰጥቷል፣ ይህን አልክድም። በ2018 ግን ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲቀመጥ ተለወጠ። ተራ የሚጠብቁት ደሴቶች ተራቸው ራቀ።

ለቆላና ለበረሃ መልስ የሚሆነው ሌላ መንገድ ይመስለኛል። ካቢኔው ውስጥ ከአምስቱም ክልል ሰው ይኑር የሚል ግዴታ ቻርተሩ ላይ እንጻፍ። የላይኛው ምክር ቤት ደግሞ የክልሎች ገቢ በሚነካ ሕግ ላይ የመከልከል ሥልጣን ይኑረው። ይህ በየሳምንቱ የሚሠራ ሥልጣን ነው። በአምስት ዓመት አንዴ ከሚደርስ ወንበር ይልቅ ቆላን የሚጠቅመው ይህ ነው፣ እዚህ ላይ ጋሼ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በተራ አብላጫ፣ በማንኛውም ቀን፣ ያለ ተተኪ ማውረድ። ጋሼ ይህን "የምክር ቤቱ ጥርስ" ብለውታል።

ጥርሱን ያየሁት ሰፈሬ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ ሊቀመንበሩን አወረደ። ድንኳኑን ለማያውቀው ሰው ሠርግ አከራይቷል ተብሎ ነበር። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ወረደ። ሁላችንም ደስ አለን። "ማን ይተካ?" ሲባል ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ የላይ ሰፈሩን ሰው አለ፣ ሌላው የታች ሰፈሩን። መሸ። ዝናብም መጣ። "በሚቀጥለው ወር እንጨርሳለን" ብለን ተበተንን።

በአራተኛው ቀን ሌሊት አንዲት እናት አረፉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ሁሉ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ የወረደው ሊቀመንበር ጋ። ሰውየው ደግሞ "ተሽሬአለሁ፣ የማስረክበው ሰው ካለ ይምጣ" ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ገጠር ሄዷል። አልዋሸም እኮ! ማን ይረከበው? ገንዘብ ያዡ በአንድ ቁልፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ጃንጥላ ይዞ። የሟች ልጆች ግቢ ውስጥ በዝናብ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ "ስበሩት፣ ኃጢአቱ በእኔ" አሉ። በመዶሻ ሰበርነው። እኔ ነበርኩ ባትሪ የማበራው። የመዶሻው ድምፅ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። የሟች ልጅ ዞሮ አየን፤ ያ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ሊቀመንበሩን ማውረዳችን ስህተት አልነበረም። ተተኪውን ሳንይዝ ማውረዳችን ነው ስህተቱ።

አገርም እንዲሁ ነው። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበራት ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ቻንስለሩን፣ ማለትም የመንግሥቱን መሪ፣ እንዲሁ እንዲያወርድ ይፈቅድ ነበር። በሴፕቴምበር 1932 የቻንስለር ፓፐን መንግሥት 512 ለ 42 በሆነ ድምፅ አመኔታ ተነፈገ። ናዚዎችና ኮሚኒስቶች አብረው ነው ድምፅ የሰጡት። እነዚህ ሰዎች በምንም አይስማሙም፤ የተስማሙት በማፍረስ ብቻ ነበር። አብረው መንግሥት ያቋቁማሉ ተብሎ አይታሰብም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ በ1949 አዲሱን ሕግ ሲጽፉ አንቀጽ 67 ላይ አንድ ነገር አስገቡ። ምክር ቤቱ ቻንስለሩን ማውረድ የሚችለው በዚያው ድምፅ ተተኪውን በአብላጫ ከመረጠ ብቻ ነው። ማውረዱና መሾሙ አንድ እጅ ማውጣት ነው። ምክር ቤቱ ጥርስ አጣ? አላጣም። በ1972 ተቃዋሚው ባርትሴል ቪሊ ብራንትን ሊተካ ሞከረ። 249 ያስፈልገው ነበር፣ 247 አገኘ። ሁለት ድምፅ! ብራንት ቀረ። በኦክቶበር 1982 ደግሞ ሄልሙት ኮል 256 አግኝቶ ሽሚትን ተካው። በዚያው ቀን አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ። ስፔንም ይህንኑ መንገድ ትከተላለች፤ በ2018 ራኾይ የወረደው ሳንቼዝ በዚያው ድምፅ ተመርጦ ነው።

የእኛን 54 ድምፅ በዚህ መዝኑት። ደንቡ ይህ ቢሆን ኖሮ 54ቱ መጀመሪያ ቁጭ ብለው አንድ ሰው ላይ መስማማት ነበረባቸው። ተስማምተው ቢመጡ አገሪቱ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አትሆንም። ባይስማሙ ደግሞ አሮጌው ሰው እየከበዳቸውም ቢሆን ይቆያል፣ ድልድዩም ይሠራል። ጋሼ "መጥፎ ሰው ሊቆይ ይችላል" ብለው ይፈራሉ። ልክ ናቸው፣ ሊቆይ ይችላል። ለዚያ የሥራ ዘመን ገደብ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ።

በሥራ ዘመን ገደቡ እኮ ከጋሼ ጋር ነኝ። ከሁለት በላይ አይቀመጥ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን ስድስት ስድስት ዓመት ለሁለት ጊዜ ብቻ ብሎ ሲገድብ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ቁጥር አላስቀመጠም፤ የሥራ ዘመኑ ከምክር ቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። ጀርመንም ገደብ የላትም፣ ኮልም ሜርክልም 16 ዓመት ቆይተዋል። ለሰባት ወንዝ ግን ገደብ ይሻላል። እጄን አወጣለሁ።

ፕሬዚዳንቱ ይቅር የሚለው ግን አያስኬድም። ጋሼ "ሪባን ከመቁረጥ በቀር ሥራ የለውም፣ ደመወዙ ለድልድዩ ይዋል" ብለዋል። በደህና ቀን እውነታቸውን ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚያስፈልገው ግን ወንበሩ ባዶ በሆነ ቀን ነው። ኦስትሪያ እንደ እኛ ፌዴሬሽን ናት። በሜይ 27 ቀን 2019 ምክር ቤቱ የኩርትስን መንግሥት አወረደ፣ ተተኪ አላዘጋጀም ነበር። ፕሬዚዳንቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ብሪጊተ ቢርላይንን ጠርቶ አደራ ሰጣት። በጁን 3 ቃለ መሐላ ፈጸመች፣ ሴፕቴምበር ላይ ምርጫ ተደረገ። ነገሩ ከአንድ ሳምንት አላለፈም። ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘ ሰው ነበራ።

ያልኳችሁ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 60 ላይ ይህን አስቦበታል። ጥምር መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ሲፈርስ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጥምር እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል፣ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። በመካከል ያለው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ ውጪ አዲስ አዋጅ ማውጣት ወይም ነባሩን መሻር አይችልም። የእኛ ቻርተር ስለዚህ ምንም አይልም። አንድም መስመር። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ጥፋቱም ከእኔ ይጀምራል። ቤልጂየም በ2010 እና በ2011 መካከል 541 ቀን ሙሉ መንግሥት ሳትመሠርት ቆይታ አልፈረሰችም፤ ባለአደራው መንግሥት ሥራውን ይዞ ስለነበረና ክልሎቿም የየራሳቸው መንግሥት ስለነበራቸው ነው። እኛ በዘጠኝ ወር ነው ድልድይ ያቆምነው።

በመጨረሻ "በቃላት አንጣላ" ላሉት። ጋሼ፣ ይህንን ከእርስዎ አልጠበቅኩም።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፉልን። በግራ "ይችላል"፣ በቀኝ "አለበት"። ከዚያ ስለ ውጫሌ ነገሩን። እዚሁ አገራችን ወሎ ውስጥ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ ውል። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣሊያ መጠቀም ይችላሉ የሚል ነበር። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በዚያች በአንዷ ቃል ምክንያት ኢጣሊያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች፣ ውሉም ፈረሰ፣ ነገሩ ዓድዋ ላይ ደረሰ። "ልጆች፣ ቃል አትናቁ" አሉን። ጠመኔው ጣታቸው ላይ ነበር። ደብተሬ አሁንም አለኝ፣ ሁለቱ ቃላት በቀይ ተሰምሮባቸዋል።

የእኛ ቻርተር አሁን "ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲወርድ ምክር ቤቱ ሌላ ሊመርጥ ይችላል" ነው የሚለው። ይችላል! ለዚህ ነው ሦስት ቅዳሜ የተቀመጥነው። ማንም አልተገደደም።

ስለዚህ ለቅዳሜ የማቀርበው ማሻሻያ ይኸውና፦ "ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያወርደው በዚያው ድምፅ ተተኪውን በ51 ድምፅ ከመረጠ ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሞት ወይም በፈቃዱ ቢለቅ፣ ፕሬዚዳንቱ በሰባት ቀን ውስጥ ባለአደራ መሰየም አለበት። ባለአደራው ነባሩን በጀት ያስፈጽማል፣ የክልሎችን ገቢ ይረከባል፣ አዲስ ሕግ አያወጣም።" ከሥሩ ደግሞ የካቢኔው ግዴታና የጋሼ የሁለት የሥራ ዘመን ገደብ አሉ።

ጋሼ፣ ረቂቁን በኮምቦልቻው ሚኒባስ ሹፌር ልኬልዎታለሁ። ቃሉ ያልጣመዎት ቦታ ካለ እንደ ድሮው በቀይ ያርሙትና ይዘውት ይምጡ። ደሴ ብርድ ሆኗልና ጋቢዎን አይርሱ።